የሆ እግር

መምህር ሆሴዕ አኑሎ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጣት ሲገርፉ ኖረው፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ወድቀው ሞቱ። በሆሳዕና ከተማ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የእሳቸውን ማስመሪያ ቀምሷል። ፊደል ያጣመመ ተማሪ ጣቱን ዘርግቶ ይቆማል፤ ማስመሪያው በጠርዙ ይወርዳል። «ጆሮ ይረሳል፤ ጣት አይረሳም» ይሉ ነበር። ከዚያ ጠመኔ አንሥተው ያንኑ ፊደል ሰሌዳው ላይ ሲጽፉት፣ የተገረፈው ልጅ እንባውን ሳይጠርግ አፉን ከፍቶ ያየዋል። እንዲያ ያለ እጅ ነበራቸው።

ኢንስፔክተር ሐዳሳ ላምቦሬ ከተገረፉት አንዷ ናት። ግርፊያው ግን አልሠራላትም። ጽሕፈቷ እስከ ዛሬ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ አለቆቿ ሪፖርቷን የሚያነብላቸው ሲያጡ እሷኑ ይጠራሉ። ሰኞ ጠዋት፣ ለሌላ ጉዳይ ከሄደችበት ከሾኔ በስልክ ተጠርታ መጣችና ሬሳ ክፍል ውስጥ ቆማ የቀድሞ መምህሯን አየቻቸው። ማዘን ፈልጋ ነበር። መጀመሪያ የተሰማት ግን የጣቷ ሕመም ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ሳጅን አበራ። «የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ደረጃውን በሳሙና ስታጥብ ነበር። ዓርብ ዕለት መምህሩ ሰው ፊት ሰድበዋታል። ቂም ይዛ ገፍታቸዋለች፤ ካልገፋችም ሆን ብላ አንሸራታቸዋለች። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ጫማቸው የታለ?»

ሳጅኑ ጫማውን ከፌስታል አወጣ። ሐዳሳ ገልብጣ ሶሉን አየችው፤ በጣቷ ፈተገችው፤ አሸተተችው። ደረቅ ቀይ አቧራ ነው።

«አበራ፣ የሳሙና ውሃ ላይ የተንሸራተተ ሰው ጫማው ሥር የመንገድ አቧራ ይገኛል?»

«ደርቆ ይሆናላ።»

«ሳሙና ሲደርቅ ነጭ ይሆናል እንጂ ቀይ አፈር አይሆንም። መምህሩ ደረቅ ደረጃ ወጥተው ደረቅ ደረጃ ላይ ነው የቆሙት። አልተንሸራተቱም፤ ተገፍተዋል። ማን እንደገፋቸው ደግሞ እኔም አላውቅም፤ አንተም አታውቅም።»

ወርቅዬ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት ሁለት ቦታ ረጥቧል። የአምስት ወር ልጇን ጎረቤት ይዛላታለች፤ ወተቱ ጠቢ አጥቶ ይፈስሳል። ከንፈሯ አብጧል፤ የፊት ጥርሷ የለም።

«ማነው የመታሽ?»

«የመምህሩ እህት ልጅ፣ ማቲዎስ። ትናንት ከዱራሜ እንደመጣ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር፤ በቃህ ያለው የለም።»

«መምህሩስ ለምን ሰደቡሽ?»

«ወረቀት ጣልሽ ብለው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቅርጫት ሙሉ ወረቀት ነበር። ቆሻሻ መስሎኝ ጠርጌ ቤቴ ወሰድኩት። ማንበብ አልችል፣ በምን ልወቅ እትዬ? ‹የሳምንት ሥራዬን በላሽው፣ ደንቆሮ› አሉኝ። ያልተማረ መሰደቡን ለምዷል። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«እሑድ ምን ሆነ?»

«እንደ ሁልጊዜው ከአራተኛው ፎቅ ጀመርኩ። ደረጃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታጠበው። ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ከዚያ የሰው እግር፤ ወደ ታች የሚሮጥ። ደንግጬ ስወርድ ባልዲው ተደፋብኝ። መምህሩ መሬት ላይ ናቸው።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እትዬ፣ ልጄ ጡጦ አያውቅም እኮ።»

ሐዳሳ ማስታወሻዋን ዘጋች። ተነሥታ ወጣች።

ሕንፃው ገና አላለቀም። ሱቆቹ ተከራይተዋል፤ ደረጃው ግን መደገፊያ ብረት የለውም። ለባለቤቱ ኪራይ ይቀድማል፣ ብረት ይከተላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሱምያ ናስረዲን ማተሚያ ቤት አለ። ሱምያ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፋት፣ ከነጋዴ ቤት የተወለደች፣ ንግግሯም እንደ ሱቋ የተስተካከለ ሴት ናት። ግድግዳው በሠርግ ካርድ፣ በሰርተፍኬትና በባነር ናሙና ተሞልቷል፤ ሁሉም ላይ የመምህር ሆሴዕ እጅ አለ። አንዱንም ግን በእጃቸው አልጻፉትም።

«ከሦስት ዓመት በፊት ነው» አለች ሱምያ። «ግራፊክስ የሚሠራልኝ ፍሬው ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በብዕር አስጻፋቸው። ስካን አደረገና ኮምፒውተር ውስጥ የሚተየብ ፊደል አደረገው። አሁን የዱራሜ ሙሽራ ካርዱን በእሳቸው እጅ ያጽፋል። የሺንሺቾ ተማሪ ሰርተፍኬት በእሳቸው እጅ ነው። የባጃጅ መስታወት ላይ ሳይቀር ‹በሰው አትፍረድ› የሚለው የእሳቸው እጅ ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል ፊደሉ?»

ሱምያ ግድግዳው ላይ የተጣመመ ካርድ አቃናች። «‹ፍሬው ቁም›፤ እንደ ቁም ጽሕፈት ማለት ነው። ስሙን ፍሬው ነው ያወጣለት። መምህሩ የሰሙት ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። የቴሌቪዥን ሰዎች ‹የፍሬው ቁምን ፈጣሪ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ መጥተን እንቀርጻለን› ብለው ደብዳቤ ላኩ። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚሁ ነበር የሚውሉት፤ ደብዳቤውንም እሳቸው ናቸው ተቀብለው ያነበቡት፣ ፍሬው ፊት።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ። ሌላ ምንም አላሉም። ፍሬው ግን ፊቱ አመድ መሰለ።»

ሐዳሳ ወደ ጥጉ ጠቆመች። «ባነሩ የሚታተመው እዚህ ነው?»

«እዚህ ይጻፋል፤ የሚታተመው ታች ምድር ቤት ነው። የማሽኑ ኮምፒውተር ይሄ ፊደል የለውም። ስለዚህ የተጻፈውን ወደ ሥዕል ለውጠን ነው በፍላሽ የምናወርደው፤ ከርቭ ማድረግ እንለዋለን። ካልለወጥነው ማሽኑ የራሱን ፊደል ያስገባበታል። አንዴ ሥዕል ከሆነ ግን ማንም አይነካውም፤ እንደተጻፈ ይቀራል። ፍሬውማ ተይቦ እንደጨረሰ ከርቭ ሳያደርግ ሻይ አይጠጣም። እጁ ለምዶታል።»

ሰባት ሰዓት ላይ ቀብር ነበር። ሐዳሳ ከቀባሪው ጋር ሄዳ ከቀባሪው ጋር ተመለሰች። የለቅሶው ድንኳን በር ላይ የተሰቀለው ባነር ከተማውን ሁሉ አስደንቋል። ዙሪያው በወርቃማ ሐረግ ተከቧል፤ የመምህሩ ፎቶ መሐል አለ። ከላይ በትልቁ «መምህራችን ሆሴዕ ሆይ፣ በሰላም ይረፉ» ይላል። ከታች በትንሹ የቀብሩ ሰዓትና «በሆሳዕና የወንጌላውያን መካነ መቃብር» የሚል አለ። መምህሩ የራሳቸውን መርዶ በራሳቸው እጅ የጻፉ ይመስላል። ይህን ያየ ሁሉ ያለቅሳል፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል።

ፍሬው ጥቁር ለብሶ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል። ዐይኑ አብጧል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የፍሬው እንባ ከየት እንደሚመጣ ለጊዜው የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

«እንደ አባቴ ነበሩ፣ ኢንስፔክተር። እኔንም ገርፈውኛል፤ ለዚህ ያበቁኝ ግን እሳቸው ናቸው።»

«ባነሩ ግሩም ነው። መቼ ሠራኸው?»

«እሑድ ነዋ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ እያለሁ አምስት ሰዓት ላይ መጥተው ነገሩኝ። እያለቀስኩ ሱቅ ገባሁ። ሁሉንም እዚያው ተቀምጬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ተሰቅሏል።»

«ሐረጉንም?»

«ሐረጉንም። ሰው ሲያዝን እጁ ይፈጥናል።»

«መዝሙሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበርክ?»

«ከሁለተኛው ጀምሮ። ትንሽ አረፈድኩ።»

ማቲዎስ፣ የመምህሩ እህት ልጅ፣ ድንኳኑ ውስጥ ካለው ሁሉ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጧል። የአጎቱ ቤት የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ ይህንንም ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«እሑድ ሦስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ዱራሜ መናኸሪያ። ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል። ገዳይዋ ተይዛ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ጥርሷን አውልቀሃል።»

«አንገቷንም ባወለቅሁት» አለ ማቲዎስ።

ሐዳሳ ትታው ወጣች። ሃያዎቹን ምስክሮች ሳጅን አበራ በስልክ አጣራ፤ እውነት ነበር። ሱምያም እሑድ ጠዋት አክስቷን ሃኪም ቤት አስተኝታ አብራቸው ነበረች።

ወደ ማምሻው ሐዳሳ የወርቅዬን ልጅ ለማየት ሄደች። ምርመራ ብላ አይደለም። ያቺ የረጠበች ቀሚስ ከዐይኗ አልጠፋ ብላት ነው። ጎረቤትየዋ ሕፃኑን በማንኪያ ልታጠጣው ትታገላለች፤ እሱ ይተፋዋል፤ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። የወርቅዬ ክፍል የጭቃ ግድግዳ እንደ ብዙ ቤት በወረቀት ተለጥፏል። ከድሮው ጋዜጣ በላይ፣ በአልጋው በኩል፣ በቅርብ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት አለ።

ሐዳሳ ቀረብ ብላ አየችው። ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ሆ፣ ሆ፣ ሆ። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። እያንዳንዱ ላይ እግሩ ወርዶ ወርዶ ጫፉ ላይ በስሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሊራመድ የተነሣ ሰው ይመስላል። አንዳንዱ በቀይ ተሰርዟል፤ አንዳንዱ ጎን «ገና» ተብሏል። ሽማግሌው የገዛ እጃቸውን በቀይ ብዕር ሲገርፉ ሰንብተዋል።

ሐዳሳ አንዱን ወረቀት ከነጭቃው ላጠችና ቀጥ ብላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ባነሩ ሥር ቆማ አንገቷን አቅንታ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ለሱምያ ደወለች።

«መምህሩ ‹ሆ› የሚለውን ፊደል አስለውጠውሽ ነበር?»

«ይሄን ማን ነገረሽ?» አለች ሱምያ።

ማክሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሐዳሳ ሱምያን፣ ፍሬውንና ማቲዎስን ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሳጅን አበራ ወርቅዬን ይዞ ሲገባ ጉምጉምታ ተነሣ፤ አንዲት ሴት ወደ መሬት ተፋች። ወርቅዬ ማንንም ሳታይ ዳር ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ ፖሊስ አላሳልፍ ብሏታል።

«እኔ መጥፎ ጸሐፊ ነኝ» ብላ ጀመረች ሐዳሳ። «ሟቹ ይመሰክሩ ነበር። ስለዚህ ፊደል ሳይ ቀስ ብዬ ነው የማየው። አንደኛ፣ መምህሩ አልተንሸራተቱም፤ ጫማቸው ደረቅ ነው። ወርቅዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ስታጥብ ነበር፤ ከገደላቸው ሰው የሰማችው እግሩን ብቻ ነው። ወደ ታች ሮጧል። መዝሙር የሚጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከሕንፃው አምስት ደቂቃ ነው፤ የሮጠ ሰው ለሁለተኛው መዝሙር ይደርሳል።»

ፍሬው ቀና አለ።

«ሱምያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሆነውን ለሰው ሁሉ ንገሪ።»

ሱምያ ተነሣች። «አሥር ሰዓት ላይ መምህሩ መጡ። ‹የሆ እግር እንደ ሚስማር ተገትሯል፤ ይሄ የእኔ እጅ አይደለም› አሉኝ። አዲሱን በብዕር ጽፈው አመጡ። ስካን አድርጌ አስገባሁት፤ አሮጌውን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ፍሬው ለሠርግ ሺንሺቾ ሄዶ ነበር። ‹እስከ ረቡዕ እንዳትነግሪው፣ ስህተት አለብህ ሲሉት ያኮርፋል› ብለውኛል። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ስለ ሆ ማን ያስባል?»

«ስለዚህ ከቅዳሜ አሥር ሰዓት ወዲህ በዚያ ኮምፒውተር የሚጻፍ ሆ ሁሉ እግሩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል» አለች ሐዳሳ። «አሁን ባነሩን እዩ። ከታች፣ ‹በሆሳዕና› የሚለውን።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ከኋላ የተቀመጡት ተነሡ።

«ታጥፏል» አለ ሳጅን አበራ።

«የቀብሩ ቦታና ሰዓት የታወቀው እሑድ ነው፤ እሑድ ተጻፈ፤ ሆው አዲሱ ሆነ። አሁን ከላይ ‹ሆሴዕ› የሚለውን እዩ።»

የላይኛው ሆ እግር እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ተገትሯል።

«አንድ ባነር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ዓይነት ሆ። ፍሬው፣ ሁሉንም እሑድ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ ብለኸኛል። የላይኛው የተጻፈው ግን አሮጌው ፊደል ሳይጠፋ፣ ከቅዳሜ አሥር ሰዓት በፊት ነው። እጅህ እንደለመደው ወዲያው ከርቭ አደረግኸው፤ ስለዚህ ፊደሉ ሲለወጥ እሱ አልተለወጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሱምያ እንደምትለው ያ ሐረግ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ከታች ለቀብሩ ሰዓት ክፍት ቦታ ተውክ። መምህሩ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። አጠገብህ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።»

ፍሬው ከንፈሩን አራሰ። «ስሙን ከድሮ ፋይል ነው ያመጣሁት። ባለፈው ዓመት የምስጋና ሰርተፍኬት ሠርቼላቸው ነበር። የእሳቸው ስም ስንት ቦታ አለኝ መሰለሽ! እሱን ገልብጬ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ትንፋሽ የለቀቀ ሰው ነበር። ማቲዎስ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን እንደምትል ጠብቄያለሁ» አለች ሐዳሳ። «መልካም፤ ስሙ ከሰርተፍኬት መጣ እንበል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውንስ ቃል አንብብልኝ።»

ፍሬው ወደ ባነሩ አየ። አላነበበም።

«ላንብብልህ? ‹ሆይ፣ በሰላም ይረፉ።› የዚያም ሆ እግሩ እንደ ሚስማር ነው። ፍሬው፣ በሕይወት ላሉ መምህር ‹በሰላም ይረፉ› የሚል የምስጋና ሰርተፍኬት ማን ሰጣቸው?»

ፍሬው ቁጭ አለ። የቆመ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

«ሳቁብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደብዳቤውን አንብበው ሳቁብኝ። አውቃቸዋለሁ። ረቡዕ ካሜራ ፊት ጣቴን ሊያዘረጉኝ ነበር። አገር እያየ። ‹የሱ አይደለም፣ የኔ ነው› ሊሉ። እሑድ ሱቅ ጠራኋቸው፤ እንዲተዉልኝ ልለምናቸው።»

«ልትለምናቸው ነው የሐዘን ባነር አስቀድመህ የሠራኸው?»

ሱምያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ገለጠችው። «ፍሬው፣ የሳቁት ደስ ብሏቸው ነው። ቅዳሜ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ያሉኝን ልንገርህ? ‹ስሜ ምን ያደርግልኛል፤ ልጁ ረቡዕ ሰው ፊት ይቆማል፤ ሆው እንዳያሳፍረው› ነው ያሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ የጻፉት ላንተ ነው።»

ሐዳሳ ይህን ማታውኑ ሰምታዋለች። ከሱምያ በፊት ራሷ ልትነግረው ትችል ነበር። ሆን ብላ ለመጨረሻ አስቀረችው፤ ይህን ማድረጓን ታውቃለች፤ አልጸጸታትም። ከወርቅዬ ግድግዳ የላጠችውን ወረቀት አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ፍሬው ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱ ሳያውቀው አንዱን ሆ ከላይ ወደ ታች ተከተለ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«ይሄ ይሻላል» አለ።

ሳጅን አበራ ካቴናውን አስገባለትና ይዞት ወጣ። በባነሩ ሥር ሲያልፉ ፍሬው ቀና ብሎ አላየም።

ወርቅዬ ላይ የተፋችው ሴት ነጠላዋን ታስተካክላለች። ትናንት «ገዳይ» ያለ ሁሉ ዛሬ የሚያየው መሬት አግኝቷል። ማቲዎስ ተነሥቶ ወርቅዬ ፊት ቆመ፤ ሰው እያየው ስለሆነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ሐዘን አሳስቶኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወርቅዬ ያበጠ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ጥርሴን የት አደረግኸው?»

ወርቅዬ መልሱን ሳትጠብቅ አልፋው ሄደች፤ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ገለል አለላት። ሕፃኑን ከጎረቤቷ ተቀበለች፤ ጀርባዋን ለድንኳኑ ሰጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጡቷን አወጣች። ልጁ ሁለት ጊዜ ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ያዘው።